ከቀርከሃው አጥር ወዲህ

ጡረታ ስወጣ ጃንጥላ ሸለሙኝ። እስቲ ፍረዱኝ! የዲላን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ያን ሁሉ ዘመን በስብሼ ስገባ፣ በስብሼ ስወጣ ያላዘነልኝ መሥሪያ ቤት፣ በቃህ ቤትህ ተቀመጥ ባለኝ ዕለት ጃንጥላ አወጣ። "አሁን የት ልሄድበት ነው?" ብዬ ብጠይቃቸው አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ተቀያሚ አይደለሁም።

በዚያው ሽኝት ላይ በወንበሬ የተተካችውን ሴት አንድ ጥያቄ ጠየቅኋት። ከወጣትነቴ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ስትጉላላ የኖረች ጥያቄ ናት። የሰጠችኝን መልስ እነግራችኋለሁ፤ ግን ነገሩን ከሥሩ ካላመጣሁት አይጥማችሁም።

ትውልዴ ደብረ ብርሃን ነው። በጃንሆይ ዘመን ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደ ወጣሁ ገደብ ወደምትባል የጌዴኦ መንደር ተመደብኩ። ቡና ሊጭን ከሚወርድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ስደርስ የመንደሩ ቤት ሁሉ በሰፋፊ ቅጠል ተውጧል። አጠገቤ የቆመውን ገበሬ፣ "ይኼን ሁሉ ሙዝ ማን ይጨርሰዋል?" አልኩት። ሰውዬው ሆዱን ይዞ ሳቀ። "መምህር፣ ይኼ ሙዝ አይደለም፤ እንሰት ነው። ልጆቻችንን የሚያሳድገው እሱ ነው" አለኝ። እንግዲህ የጌዴኦን ምድር የረገጥኩት ይኼን የመሰለ ዕውቀት ይዤ ነው።

ገደብ ሳለሁ የክፍሌ መስኮት ደፍ ሰፊ ነበር። ልጆቹ አርብ አርብ ከቤታቸው አንድ አንድ ዕቃ ያመጣሉ፤ አንዱ የእንጨት ትራስ፣ ሌላዋ ማር የሚቀመጥበት ቀንድ፣ ደግሞ አንዱ አያቱ የሠሩትን የቀርከሃ ዋሽንት። ደፉ ላይ ደርድረን እንማርበት ነበር። ቀጥሎ ይርጋጨፌ ተዛወርኩ። እዚያ ያገኘሁት ርዕሰ መምህር፣ "ትምህርት ቤቴን የቅራቅንቦ ጉሊት አደረግኸው!" ብሎ በአንድ ጠዋት ጠርጎ አስወጣብኝ። አንድ ተቆጣጣሪ ግን ወሬዬን ሰምቶ ኖሮ ደብዳቤ መጣልኝ፤ ዲላ፣ የቤተ መዘክር ትምህርት ክፍል ኃላፊ ይላል። ማዕረጉን ሳነብ ደረቴ ተነፋ። ደመወዙ ያው የነበረው ነው፤ "ክፍሉ" የተባለውም እኔው ብቻ ነኝ።

ቤተ መዘክር የተባለችው ከአለቃዬ ቢሮ ጀርባ ያለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። የዲላ ሰው "አሮጌ ዕቃ ቤት" ይላታል። ጠባቂዋ ጋሽ ሽብሩ የሚባሉ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ከመንገድ ቀያሾች ጋር ችካል ተሸክመው ሲዞሩ ኖረው ጌዴኦኛን እንደ አፍ መፍቻቸው ለምደውታል። የምስክር ወረቀት የሚባል ነገር የላቸውም፤ ከኪሳቸው ግን ቆሎ አይጠፋም። የማስተማር ሙያዬን ያገኘሁት ከማሠልጠኛው ሳይሆን ከዚያ ቆሎ ነው ብል ትስቁብኝ ይሆናል።

የመጀመሪያውን የጉብኝት ዕቅዴን ጽፌ ሰጠኋቸው። በካርቦን ሦስት ቅጂ ወጥቶለታል፤ አርባ ደቂቃ፣ አሥራ አራት ርዕስ። በጦር ጀምሬ፣ በሸክላ አልፌ፣ በንብ ቀፎ እዘጋለሁ። ጋሽ ሽብሩ አላነበቡትም። ጫማቸውን አወለቁና ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ።

"ምን ሆኑ ጋሼ?" አልኩ።

"ልጅ ሆንኩ። ና አጠገቤ ተቀመጥ።"

ተቀመጥኩ። ከወለሉ ላይ ሆኜ ሳይ፣ ያ የምኮራበት መደርደሪያ የሚያሳየው የጣውላውን ሆድ ብቻ ነው። ጋሻው አይታይም፤ ቀንዱ አይታይም። በቀይ ቀለም የጻፍኩት "መንካት ክልክል ነው" ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

"አየህ? ልጆቹ ተምረው የሚሄዱት እሷን ነው" አሉ፣ በከንፈራቸው ወደ ጽሑፉ እያመለከቱ።

ከዚያ ዕቅዴን ጠቅልለው ቆሎ ቋጠሩበት። ዓይኔ እያየ! "አንድ ዕቃ፣ አንድ ጥያቄ፣ ለእጅ አንድ ሥራ። ሌላው ትርፍ ነው" አሉኝ። "የዕቃውን ወግ ከመጽሐፍ አትልቀም፤ ባለ ዕቃውን ጠይቅ። ልጆቹንም ከጠየቅህ በኋላ አፍህን ያዝ። አሥር ፍሬ ቆሎ አንድ በአንድ ቆርጥመህ እስክትጨርስ፣ ብትሞት እንዳትናገር።"

"ያኔም ዝም ካሉስ?"

"አሥራ አንደኛዋን ቆርጥም።"

ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ የአምስተኛ ክፍል ልጆችን ይዘን ከወናጎ በላይ ወዳሉት ትክል ድንጋዮች የወጣን ቀን ነው። እኔ የግማሽ ሰዓት ንግግር አጥንቻለሁ። ጋሽ ሽብሩ ቀደሙኝና ልጆቹን አንዱን ድንጋይ እጅ ለእጅ ተያይዘው እንዲያቅፉት አደረጓቸው። ከዚያ ሣሩ ላይ አስቀምጠው፣ "ይኼን እዚህ ማን አመጣው?" ብለው ጠየቁና ቆሏቸውን ጀመሩ። ቀጭ። ቀጭ። ልጆቹ ጸጥ። ስድስተኛዋ ላይ ትዕግሥቴ አለቀና አፌን ስከፍት እግሬን ረገጡኝ። ስምንተኛዋ ላይ ማርታ የምትባል ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች።

"ሴቶቹ ናቸው ያመጡት" አለች።

ወንዶቹ አውካኩ። "ሴት ድንጋይ ተሸክማ?"

"ያልበላ ሰው ድንጋይ ይሸከማል?" አለቻቸው። "ይኼን ያህል ሰው ያበላው ማነው? ማን እንሰት ፍቆ፣ ማን ቆጮ ጋግሮ?"

ሳቁ ቀጥ አለ። ጋሽ ሽብሩ ዘጠነኛዋን ወደ ኪሳቸው መለሱ። እኔ ከደስታዬ ብዛት ያጠናሁትን ንግግር ረሳሁት። በል እንግዲህ ብዬ እዚያው ሣሩ ላይ ቆርጬ ተነሣሁ፤ ትልቁ ፕሮግራሜ የእንሰት ቀን ይሆናል።

ጊዜም አልነበረኝም። አለቃዬ አቶ መርዕድ ክፍሏን ለዴስክ ማስቀመጫ ፈልገዋታል። "የትምህርት ቤት ዴስክ በዝናብ እየበሰበሰ፣ ያንተ ጦርና ቀንድ በጣሪያ ሥር ተንፈላሷል" ይሉኛል። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ዴስኩም እውነት ይበሰብስ ነበር። አንድ ዕድል ሰጡኝ፤ ሹማምንቱንና ሽማግሌዎቹን ጠርቼ አንድ ሙሉ ፕሮግራም ላሳይ፣ ካማረ ክፍሏ ትቀጥላለች፣ ካላማረ ክረምቱ ሳይገባ ቁልፍ አስረክባለሁ። ቁልፏ ከሄደች እኔ ወደ ጠመኔዬ እመለሳለሁ፣ ጋሽ ሽብሩም ከሥራቸው ይሰናበታሉ።

በዚያው ሰሞን ጋሽ ሽብሩ ለእህታቸው ልጅ ሠርግ ይርጋለም ሄዱ። ሲሄዱ፣ "ባለ ዕቃዋን ጠይቅ" ብለውኛል። ጠየቅሁ እንጂ! ወናጎ ድረስ ወረድኩ፣ ወደ ማርታ አክስት ወደ እማማ ሎሚ ቤት። በእንሰት ሥራ እሳቸውን የሚያህል የለም ተብያለሁ። በር ላይ ያገኘሁት ባላቸውን ነው። ተማሪዎች የእንሰት ሥራ እንዲያዩ መፈለጌን ነገርኳቸው። "ለመምህር እምቢ አይባልም፤ ትመጣለች" አሉኝ። ሰውዬው ሴት ልጆች ሊማሩ ነው ብለው ነው የገባቸው። እኔም ምኑንም ሳላጣራ እያፏጨሁ ተመለስኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

የፕሮግራሙ ዕለት ግቢውን አስጠረግሁ። ወንበር በሦስት ረድፍ፤ ከፊት ሹማምንቱ ኮታቸውን ግጥም አድርገው፣ ቀጥሎ የጌዴኦ ሽማግሌዎች፣ ከኋላ ተማሪዎች። መካከሉን በኖራ ከብቤ፣ የሚፋቀው እዚያ ነው ብያለሁ። እማማ ሎሚ ከሦስት ጎረቤቶቻቸው ጋር መጡ፤ የእንሰት ግንድ፣ መፋቂያ ሰሌዳና የቀርከሃ መፋቂያ ተሸክመዋል። በሩ ላይ ሲደርሱ ወንበሮቹን አይተው ቀጥ አሉ።

ቀድመው የተነሡት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ፊታቸውን አዙረው፣ ኩታቸውን ተከናንበው ወጡ። እኔ ጅሉ ለሴቶቹ ቦታ የለቀቁ መሰለኝ! ጮክ ብዬ፣ "ይግቡ እማማ፣ አይፍሩ! ጌቶች ሁሉ ሥራዎን ሊያዩ ጓጉተዋል!" አልኩ። እማማ ሎሚ አንድ ጊዜ አዩኝ። ግንዱን በሩ ላይ አስቀመጡ፣ ዞሩ፣ ሄዱ። ሦስቱም ተከተሏቸው። በካፊያ ውስጥ የወናጎን መንገድ በእግራቸው ያዙት።

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት እኔ ነኝ። ምን እንዳጠፋሁ እንኳ አላወቅሁም፤ ማጥፋቴን ግን አወቅሁ። ማርታ ከሰልፉ መሐል አንገቷን ደፍታ ታለቅሳለች። በማግስቱ ትምህርት ቤት አልመጣችም፤ በሳልስቱም እንዲሁ። አቶ መርዕድ አልተቆጡም፤ እጃቸውን ብቻ ዘረጉ። ቁልፏን ሰጠኋቸው። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ጋሽ ሽብሩ ከሠርጉ ሲመለሱ ሁሉን ነገርኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሎ ሳይቆረጥሙ ሰሙኝ።

"ማንን ጠየቅህ?"

"ባሏን።"

"ባሏ እንሰት ፍቆ ያውቃል?"

"አያውቅም፤ የሴት ሥራ ነው።"

"ሲፋቅስ አይቶ ያውቃል?"

"አያውቅም" አሉ እሳቸው። "ሴቶቹ እግራቸውን ወደ ሰሌዳው አንሥተው ነው የሚፍቁት። ወንድ አጠገባቸው አይቆምም። ባል እንኳ በዚያ ማለፍ ካለበት ከሩቅ ያስላል። አንተ ለሹም ወንበር ደረደርክ!"

"እርስዎ ያውቁ ኖሮ ለምን አልነገሩኝም?"

"መቼ ጠየቅኸኝ?" አሉኝ።

በነጋታው ጋሽ ሽብሩን አስከትዬ ወናጎ ወረድኩ። እማማ ሎሚ ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል፤ እኔን ከእንሰቱ ዳር፣ ዝናቡ ውስጥ አቆሙኝ። የገበያ አማርኛ አሳምረው ያውቃሉ፤ ለእኔ ግን አንዲት ቃል አልሰጡኝም። በጌዴኦኛ ይናገራሉ፣ ማርታ መሬት መሬት እያየች ታስተረጉማለች።

"እናትህ ገላዋን ስትታጠብ ሹም ጠርተህ ታሳያለህ ወይ? ትላለች።"

"አላሳይም።"

"እኔን ለምን ታሳያለህ? ትላለች።"

"አላወቅሁም እማማ። መጠየቅ የነበረብኝ እርስዎን ነው፤ ሌላ ሰው ጠየቅሁ። አጥፍቻለሁ።"

ማርታ አስተረጎመች። ገና ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ስለ ክፍሏ፣ ስለ ቁልፏ፣ ስለ ጋሽ ሽብሩ እንጀራ። ያን ሁሉ ዋጥ አደረግሁና አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ። "ልጆቹ ይኼን ሥራ እንዲያውቁ እንዴት ይሁን ይላሉ?" ብዬ አፌን ያዝኩ። ቆሎ የለኝም፤ በሆዴ ቆጠርኩ። ስድስት፣ ሰባት፣ ዝናቡ በአንገቴ ይወርዳል። አሥር ሞላ። አሥራ አንድ አልኩ። አሥራ አራት ላይ እማማ ሎሚ በራሳቸው አፍ፣ በአማርኛ ተናገሩ።

"አጥር ይሠራ። በቀርከሃ፣ ድፍን አድርጎ። ሴቶች ልጆች ይገባሉ፣ ይማራሉ። ወጥተው ለወንዶች እነሱ ይናገራሉ። የሹም ሚስት ከመጣች ትገባለች፤ ቀሚሷን ትሰብስብ። አንተ ውጭ!"

"እሺ እማማ።"

"ዝናብ ቢመጣም ውጭ!"

"ቢመጣም እማማ!" አልኩ። ማርታ ቀና ብላ ስትስቅ አየኋት። ዓለም የተሰጠኝ ያህል ደስ አለኝ።

ማሠልጠኛ ያላስተማረኝን ዕቅድ ማንበብና መጻፍ የማያውቁ ሴት በቆሙበት ጨረሱት። እኔ የቀረኝ አለቃዬን ማሳመን ነው። የጻፍኩላቸውን ዕቅድ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። "እኔ የማላየውን ፕሮግራም አጽድቅ ነው የምትለኝ?"

"ወይዘሮ አልማዝ ያዩልዎታል።"

ወይዘሮ አልማዝ ሚስታቸው ናቸው። ነገሩን ቤት ሄደው ሲያወሩላቸው ነገር ዓለሙ አለቀ፤ በማግስቱ ፊርማው ወጣ። "የመጨረሻዬ ነው" አሉኝ አቶ መርዕድ፤ "ቁልፏ ግን ከኪሴ አትወጣም።"

አጥሩን ከተማሪዎቹ ጋር ሆነን ሠራነው። እማማ ሎሚ መጥተው ዙሪያውን ዞሩ፣ በሁለት ቦታ ጣታቸውን አሾልከው "ድፈን" አሉኝ፤ ደፈንኩ። ልጃገረዶቹን ስድስት ስድስት አድርጌ ለእያንዳንዱ ቡድን አንዲት ሴት መደብኩ። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ዕቃ ይዞ ይወጣል፣ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ለወንዶቹ አንድ የእጅ ሥራ ይሰጣል። የጋሽ ሽብሩ ደንብ ነው፤ አንድም አልጨመርኩበት።

ዕለቱ ደረሰ። ሴቶቹና ልጃገረዶቹ ገቡ፣ ወይዘሮ አልማዝም ቀሚሳቸውን ሰብስበው ገቡ። ሽማግሌዎቹ በዚህኛው ቀን ፊታቸውን አላዞሩም፤ ከአጥሩ ራቅ ብለው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። እኛ ወዲህ ቀረን። መጀመሪያ የመፋቂያው ድምፅ መጣ፣ ፍርት ፍርት። ቀጥሎ ዘፈን። ከዚያ ሳቅ! የአንድ ሴት ሳቅ ጀመረ፣ ሌላዋ ተቀበለች፣ ልጃገረዶቹ ጮሁ፣ አጥሩ እስኪነቃነቅ ተሳቀ።

አቶ መርዕድ ጆሯቸውን ወደ ቀርከሃው አስጠጉ። "ምን እያሉ ነው?" አሉ። አጥሩ ሥር ከቆምነው አዋቂዎች ጌዴኦኛ የሚችሉት ጋሽ ሽብሩ ብቻ ናቸው። ዞረን አየናቸው። ጀርባቸውን ሰጥተውን ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

"ጋሽ ሽብሩ፣ ምን ይላሉ?"

"አልሰማሁም ጌታዬ። ጆሮዬ ደክሟል።"

ውሸታም! ያንን ጆሮ አውቀዋለሁ፤ ቆሎ መሬት ስትወድቅ የሚሰማ ጆሮ ነው። ዝናቡም ጀመረ፤ እኛም እዚያው በሰበስን። ማንም ከአጥሩ የራቀ የለም።

በሩ ሲከፈት ልጃገረዶቹ በየስድስቱ ወጡ፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው ነጭ። ወይዘሮ አልማዝ ሹሩባቸው ተፈትቶ፣ ፊታቸው ላይ ቡላ ተለጥፎ፣ ከእማማ ሎሚ ጋር ተደጋግፈው ይስቃሉ። ወንዶቹ ተማሪዎች ቡላውን እየነኩ፣ ቃጫውን እየገመዱ ከቡድን ቡድን ዞሩ። ማርታ ለቆጮ መቅበሪያ ከአጥሩ ውጭ የተቆፈረው ጉድጓድ አጠገብ ቆማለች። አቶ መርዕድ ሲጠጉ ሰገድ ብላ እጅ ነሣችና፣ "ጌታዬ፣ ቆጮው ከመቀበሩ በፊት ጉድጓዱ ውስጥ ይኼ ቅጠል ለምን ይነጠፋል?" አለቻቸው።

አቶ መርዕድ በሕይወታቸው ጠያቂ እንጂ ተጠያቂ ሆነው አያውቁም። አጉረመረሙ። ማርታ እጇን ኪሷ ከተተች። ቀጭ! ቆሎ! ጋሽ ሽብሩን ቀና ብዬ ባያቸው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ቀጭ። ቀጭ። አለቃዬን ላብ አጠመቃቸው።

"አፈር እንዳይነካው ነው" አሉ በመጨረሻ።

"ሌላስ ጌታዬ?"

"ኧረ በቃ አሳልፊኝ ልጄ!" አሉና ራሳቸው ቀድመው ሳቁ። ሽማግሌዎቹ ከዛፉ ሥር አጨበጨቡ።

ማርታ ግን አልጨረሰችም። ወደ ወንዶቹ ዞራ፣ "ከወናጎ በላይ ያሉትን ድንጋዮች ማን አመጣቸው?" አለች። እዚያ ሣር ላይ ያውካኩት ልጆች ናቸው፤ እነሱው በአንድ አፍ "ሴቶቹ!" ብለው ጮሁ። አለቀስኩ። ዝናብ ስለነበር ማንም አላየብኝም።

አቶ መርዕድ ቁልፏን ከኪሳቸው አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡ። "ዴስኮቹን ቢሮዬ አስገባለሁ፤ እኔ በመሐላቸው እየሾለክሁ እቀመጣለሁ" አሉ። ክረምቱን ሙሉ እውነትም እየሾለኩ ገቡ፣ እየሾለኩ ወጡ። ወይዘሮ አልማዝ ምን እንዳሳቃቸው ግን እስከ መጨረሻው አልነገሯቸውም፤ ይኼን ሲያወሩኝ የልጅ ኩርፊያ ይመስል ነበር።

ከዚያ በኋላ ስንቱን ሠራሁ። የሸክላ ቀን፣ የንብ ቀን፣ የቀርከሃ ቀን፤ ሁሉንም ባለ ዕቃውን ጠይቄ፣ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ፣ አፌን ይዤ። ጋሽ ሽብሩ ቆሎ የሚይዙበትን የቆዳ ከረጢት ትተውልኝ አረፉ፤ የሰሙትን ሳቅ ይዘውት ሄዱ። ጃንሆይም ወረዱ፣ ስንት ነገር ተለዋወጠ፤ የእንሰት ቀን ግን ከእማማ ሎሚ ወደ ልጆቻቸው እየተላለፈ ዘለቀ። በየዓመቱ አጥሩን እሠራለሁ፣ ቀዳዳውን እደፍናለሁ፣ ውጭ ቆሜ ሳቁን እሰማለሁ። የሥራ ዘመኔን ትልቁን ፕሮግራም አንድም ቀን አላየሁትም።

እንግዲህ በሽኝቱ ዕለት ያቺን በወንበሬ የተተካችውን ሴት፣ ጠጉሯ የሸበተውን ማርታን፣ ወደ ጥግ ሳብ አድርጌ ጠየቅኋት። "የኔ ልጅ፣ እኔ እንግዲህ ሄጃለሁ። ያን ቀን አጥሩ ውስጥ ያሳቃችሁ ምን ነበር? ምን እያላችሁ ነው የዘፈናችሁት?"

ትኩር ብላ አየችኝ። ቀስ ብላ እጇን ኪሷ ከተተች፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አሥሩንም ስትጨርስ ጠበቅኋት።

"ጋሼ" አለችኝ፣ "ጡረታ ወጡ እንጂ ሴት አልሆኑም!"

ከዚያ ጃንጥላውን ከጠረጴዛው አንሥታ ክንዴ ላይ አንጠለጠለችልኝ። የመረጠችውም እሷው ነበረች። "የት ልሄድበት ነው አላሉም? የዘንድሮው እንሰት ቀን በሚቀጥለው ወር ነው። ከአጥሩ ውጭ ይቆሙበታል።"

ቤቴ ገብቼ ዘርግቼ ሞከርኩት። ሰፊ ነው፤ አቶ መርዕድና ጋሽ ሽብሩ ቢኖሩ ሦስታችንንም ይይዘን ነበር።